ዓይንን ማስተማር፦ ጆን ራስኪንና የለንደን የሠራተኞች ኮሌጅ የመልክዓ ምድር ንድፍ ትምህርት

መግቢያ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ስለ ሥነ ጥበብ ከጻፉት ሰዎች መካከል የጆን ራስኪንን ያህል የተነበቡት ጥቂቶች ናቸው። ራስኪን በአብዛኛው የሚታወሰው የሠዓሊው የተርነር ተሟጋች፣ የቬኒስ ሕንፃዎች ታሪክ ጸሐፊ፣ በኋላም የኢንዱስትሪውን ሥርዓት የነቀፈ ማኅበራዊ ሐያሲ ሆኖ ነው። ከእነዚህ ሥራዎቹ ጎን ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፍ ሌላ ተግባር ነበረው። ከ1854 ጀምሮ ለአራት ዓመታት ያህል በለንደን የሠራተኞች ኮሌጅ ውስጥ ለአናጢዎች፣ ለቢሮ ጸሐፊዎችና ለልዩ ልዩ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ሐሙስ ማታ ያለ ክፍያ ንድፍ ያስተምር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ተግባር አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በከሰል ጢስ በታፈነች ከተማ የሚኖር፣ ቀኑን ሙሉ በሥራ ደክሞ የሚመጣ፣ ሠዓሊ ሆኖ እንጀራውን የማግኘት ተስፋ የሌለው ሰው ቅጠልን፣ ድንጋይንና ተራራን መሣል መማሩ ምን ይጠቅመዋል? ራስኪን ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በዘመኑ ከነበረው የሥነ ጥበብ ትምህርት ዓላማ ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነበር። ከዚህ በታች የሚቀርበው የሕይወት ታሪክ ይህን መልስ ማዕከል ያደርጋል። የማታው ክፍል የመልክዓ ምድር ተመራማሪውን ራስኪንን ከማኅበራዊ ሐያሲው ራስኪን ጋር ያገናኘ ድልድይ መሆኑን፣ የክፍሉ ተስፋ ደግሞ በራሱ በመምህሩ ሥልጣን ምክንያት ወሰን እንደተበጀለት ያሳያል።

ልጅነትና የመጀመሪያዎቹ መምህራን

ጆን ራስኪን የካቲት 8 ቀን 1819 በለንደን ተወለደ። አባቱ ጆን ጄምስ ራስኪን ከስፔን የሚመጣ የወይን ጠጅ በመነገድ ባለጸጋ የሆነ ሰው ሲሆን፣ እናቱ ማርጋሬት አጥባቂ የወንጌላውያን አማኝ ነበረች። ለወላጆቹ አንድያ ልጅ የነበረው ራስኪን በልጅነቱ ትምህርት ቤት ብዙ አልዋለም፤ በእናቱ ዘንድ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ እያነበበና ብዙ ምዕራፎችን በቃሉ እያጠና አደገ። በጽሑፎቹ ውስጥ የሚሰማው ረጅምና ዜማ ያለው የዓረፍተ ነገር አወራረድ ከዚህ ንባብ እንደመነጨ ተመራማሪዎች ይስማማሉ።

የንድፍ ትምህርትን በተመለከተ ከሀብታም ቤተሰብ ልጅ የሚጠበቀውን መንገድ ተከተለ። በመጀመሪያ ቻርልስ ራንሲማን፣ ከዚያም በውሃ ቀለም ሠዓሊነቱ የታወቀው ኮፕሊ ፊልዲንግ፣ በኋላም ጄምስ ዳፊልድ ሃርዲንግ በቤት ውስጥ አስተማሩት። እነዚህ መምህራን የሚያስተምሩት የዘመኑን ልማድ ነበር፤ ዛፍ በምን ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ እንደሚሣል፣ ከፊት ለፊት ያለው መሬት ምን ዓይነት ቡናማ ቀለም እንደሚቀባ፣ ሩቁ ተራራ በምን ያህል ሰማያዊነት እንደሚደበዝዝ አስቀድሞ የተወሰነ ሥርዓት ነበረው። ተማሪው ይህን ሥርዓት በእጁ ካስገባ በኋላ በየትኛውም ስፍራ ቆሞ የሚያምር ሥዕል ሊያወጣ ይችላል።

በ1832 ከአባቱ የንግድ ሸሪክ የተሰጠው ስጦታ ግን ሌላ በር ከፈተለት። ስጦታው የገጣሚው የሳሙኤል ሮጀርስ «ኢጣሊያ» የተባለ መጽሐፍ ሲሆን፣ በውስጡ ከጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነር ሥራዎች የተቀረጹ ትንንሽ ሥዕሎች ነበሩበት። በቀጣዩ ዓመት ቤተሰቡ ወደ አህጉረ አውሮፓ በተጓዘ ጊዜ የ14 ዓመቱ ልጅ የአልፕስን ተራሮች ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ተራራ፣ ደመናና ድንጋይ የዕድሜ ልክ የጥናት ርእሶቹ ሆኑ። ለሥነ ምድር የነበረው ፍቅር ከሥዕል ፍቅሩ ተነጥሎ የማይታይ ነው። ድንጋይን የሚመለከተው እንደ ሠዓሊም እንደ ሥነ ምድር ተመራማሪም ነበርና።

ከተማሩት መላቀቅ

ራስኪን በ1837 ወደ ኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ኮሌጅ ገብቶ በ1842 ተመረቀ። ያው ዓመት በንድፍ ታሪኩ ውስጥ የመታጠፊያ ዓመት ሆኖ ይቆጠራል። በእርጅናው ዘመን በጻፈው «ፕሬቴሪታ» በተሰኘው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ በዚያ ዓመት በመጀመሪያ በለንደን አቅራቢያ በዛፍ ግንድ ላይ የተጠመጠመን ሐረግ፣ ቀጥሎም በፈረንሳይ ፎንቴንብሎ አንድ ቀጭን ዛፍ ያየውን ብቻ ተከትሎ ሲሥል፣ እስከዚያ ድረስ የተማረው የአሣሣል ሥርዓት ዓይኑን ጋርዶት እንደነበር ተረዳ። መስመሮቹ ከእርሱ ፈቃድ ይልቅ የዛፉን ሕግ ተከትለው ሲወጡ ተመለከተ። ይህ ትረካ ከድርጊቱ ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ የተጻፈ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል፤ የብዙ ዓመታትን ለውጥ በሁለት ቀናት ውስጥ ጠቅልሎ አቅርቦ ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ራስኪን ሐሳቡን የገነባበት መሠረት በትረካው ውስጥ በግልጽ ይታያል፦ ሰው የሚሥለው ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው፤ ስለዚህ የንድፍ ትምህርት የመጀመሪያ ሥራው ከእጅ በፊት ዓይንን ማቃናት ነው።

በ1843 «ዘመናዊ ሠዓልያን» የተባለውን ሥራውን የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመ። ዕድሜው 24 ዓመት ሲሆን፣ በመጽሐፉ ላይ በስሙ ፋንታ የኦክስፎርድ ምሩቅ መሆኑን ብቻ አሰፈረ። መጽሐፉ የተነሣው ተርነርን ከነቃፊዎቹ ለመከላከል ነበር። የክርክሩ አካሄድ ግን ከተለመደው የተለየ ነበር፤ ራስኪን የተርነርን ሥዕሎች ከጥንታውያን ሊቃውንት ሥዕሎች ጋር ከማወዳደር አልፎ ከደመና፣ ከውሃ፣ ከዐለትና ከዛፍ ጋር አስተያየ። ሥራው በአምስት ቅጾች እስከ 1860 ድረስ ቀጠለ። በዚህ መካከል «የቬኒስ ድንጋዮች» የተባለውን ሦስት ቅጽ ሥራ ጻፈ። በ1853 በወጣው የዚህ ሥራ ሁለተኛ ቅጽ ውስጥ ስለ ጎቲክ ሕንፃ ባሕርይ የሚናገር ምዕራፍ አለ። ምዕራፉ የመካከለኛውን ዘመን ድንጋይ ጠራቢ ከዘመኑ የፋብሪካ ሠራተኛ ጋር በማነጻጸር፣ ሰው ፍጹም የሆነ ሥራ እንዲያወጣ ሲባል ብቻ እንደ መሣሪያ ከታየ ነፍሱ እንደምትጎዳ ይከራከራል። ራስኪንን ወደ ሠራተኞች ኮሌጅ የወሰደው ይህ ምዕራፍ ነው።

ኮሌጁና ዘመኑ

የ1840ዎቹ ዓመታት ለእንግሊዝ የብጥብጥና የስጋት ዓመታት ነበሩ። የቻርቲስቶች እንቅስቃሴ ለሠራተኛው የመምረጥ መብት ሲጠይቅ ቆይቶ በ1848 ከከሸፈ በኋላ፣ የክርስቲያን ሶሻሊስቶች በመባል የሚታወቁ ምሁራን በሀብታሙና በሠራተኛው መካከል ያለውን ገደል በትምህርት ለማጥበብ ተነሡ። የቡድኑ መሪ የነገረ መለኮት ሊቁ ፍሬድሪክ ዴኒሰን ሞሪስ ነበር። ሞሪስ በእምነት ጉዳይ በተነሣ ክርክር በ1853 ከለንደን ኪንግስ ኮሌጅ መምህርነቱ ተሰናበተ፤ በቀጣዩ ዓመት መኸር ላይ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራተኞች ኮሌጅን በሬድ ላየን አደባባይ ከፈተ። ኮሌጁ ከተለመደው የሙያ ማሠልጠኛ የሚለየው፣ ለሠራተኛው ታሪክን፣ ሒሳብን፣ ሥነ ጽሑፍንና ሥነ ጥበብን እንደ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለማስተማር በመነሣቱ ነበር። በመክፈቻው ዕለት ለተሰበሰቡት ሰዎች ከታደሉት ጽሑፎች አንዱ የራስኪን የጎቲክ ምዕራፍ በተለየ ጥራዝ የታተመበት ነበር። ይህን ያዘጋጀው ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ፍሬድሪክ ፈርኒቫል ነው።

ራስኪን ግብዣውን የተቀበለበት ወቅት ለራሱም ከባድ ነበር። በ1848 ያገባት ኤፊ ግሬይ በ1854 ትታው ሄዳ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ጋብቻቸው በፍርድ ፈረሰ። ጉዳዩ በለንደን ሳሎኖች ሁሉ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ራስኪን በሬድ ላየን አደባባይ በጋዝ ብርሃን ከሠራተኞች መካከል ተገኘ። የግል ኀዘኑ ለዚህ ውሳኔ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው በእርግጠኝነት መመዘን አስቸጋሪ ነው፤ የጎቲክ ምዕራፉ ግን ከፍቺው በፊት የተጻፈ ስለሆነ ውሳኔውን የግል ኀዘን ውጤት ብቻ አድርጎ ማየት አያስኬድም።

የትምህርቱ አካሄድ

በወቅቱ የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት የሚመራው ከ1852 ጀምሮ በሄንሪ ኮል ነበር። ሥርዓቱ የተዘጋጀው በሪቻርድ ሬድግሬቭ ሲሆን 23 ደረጃዎች ነበሩት። ተማሪው ከቀጥተኛ መስመርና ከጂኦሜትሪ ቅርጽ ጀምሮ የታተሙ የጌጥ ንድፎችን በመገልበጥ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የሥርዓቱ ዓላማ የእንግሊዝ ጨርቅ፣ ሸክላና ብረታ ብረት በዓለም ገበያ ከፈረንሳይ ምርት ጋር እንዲወዳደር የሚያስችሉ ነዳፊዎችን ማፍራት ነበር። በዚህ አመለካከት ንድፍ የንግድ መሣሪያ ነው።

ራስኪን በተቃራኒው አቅጣጫ ጀመረ። አዲስ ተማሪ በመጀመሪያ የሚሰጠው ነጭ ኳስ ነበር፤ ኳሱን የዳር መስመር ሳያሰምር በጥላ ብቻ ክብነቱን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በተፈጥሮ ውስጥ ነገሮችን የሚከብብ መስመር የለም፤ ዓይን የሚያየው አንዱ የብርሃን መጠን ከሌላው የሚገናኝበትን ስፍራ ብቻ ነው። መስመር የሚያሰምር ተማሪ ስለ ኳስ የሚያውቀውን ይጽፋል፤ ጥላን የሚከተል ተማሪ ግን በፊቱ የተንጠለጠለውን ኳስ ያያል። ከኳሱ በኋላ በጄሶ የተቀረጹ ቅጠሎች፣ ቀጥሎም የወፍ ላባ፣ የባሕር ዛጎል፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ ይከተላሉ። ተማሪዎቹ ከሥራ ወጥተው ወደ ገጠር መሄድ ስለማይችሉ፣ ራስኪን የዛፍ ግንድ አስመጥቶ በመማሪያ ክፍሉ ጥግ እንዲቆም ማድረጉን ከተማሪዎቹ አንዱ በኋላ ባሳተመው ትዝታ መዝግቦታል። ከቤቱም የተርነርን ሥዕሎች፣ የዱረርን ሕትመቶችና ከማዕድን ስብስቡ የተመረጡ ድንጋዮችን እያመጣ ተማሪዎቹ በእጃቸው ይዘው እንዲያዩ ይፈቅድ ነበር። በበጋ ቀናት ደግሞ ከከተማ ውጪ ይዟቸው እየወጣ በሜዳ ላይ ያሠራቸው ነበር።

በዚያው ኮሌጅ ሠዓሊው ዳንቴ ጋብሪኤል ሮሴቲ ከ1855 መጀመሪያ ጀምሮ የሰው ምስል ያስተምር ነበር። የሁለቱ ክፍሎች ልዩነት ለንጽጽር ይረዳል። ሮሴቲ ተማሪውን ብዙ ሳያዘገይ ሕያው ሰው ፊት አስቀምጦ ቀለም ያስይዘዋል፤ ራስኪን ደግሞ ቀለምን አዘግይቶ በብርሃንና በጥላ ላይ ለወራት ያቆየዋል። ልዩነቱ ከሁለቱ ሰዎች ጠባይ ብቻ የመጣ አይደለም። ሮሴቲ ሥዕልን የማስተማር ሐሳብ ነበረው፤ ራስኪን የሚያስተምረው ማየትን ነበር፤ ሥዕሉ ተማሪው በትክክል ማየቱን የሚያረጋግጥበት ማስረጃ ብቻ ነው።

የክፍሉ ልምድ በ1857 «የንድፍ መሠረታውያን» በሚል ርእስ ለታተመው መጽሐፍ መነሻ ሆነ። መጽሐፉ በሦስት ደብዳቤዎች የተዋቀረ ሲሆን የታሰበውም መምህር ለሌለው፣ ብቻውን ለሚማር ሰው ነው። ተማሪው በመጀመሪያ አንድ አራት ማዕዘን ቦታን በብዕር ጭረት ወጥ በሆነ ግራጫ እንዲሞላ፣ ቀጥሎ ጥላን ከጨለማ ወደ ብርሃን ሳያቋርጥ እንዲያሸጋግር ይታዘዛል። ከዚያም ከመንገድ ዳር ክብ ድንጋይ አንሥቶ እንዲሥል ይጠየቃል፤ ድንጋይን በትክክል የሣለ ሰው ወደ ተራራው የሚወስደውን መንገድ ይዟል የሚል እምነት ነበረውና። ስለ ቀለም በሚናገረው ክፍል ደግሞ በነጭ ካርቶን ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አብጅቶ፣ በእርሷ በኩል የሩቁን ሜዳ ወይም ኮረብታ ቀለም ከአካባቢው ነጥሎ መመልከትን ይመክራል። በዚህ መንገድ የተመለከተ ሰው አረንጓዴ ነው ብሎ የሚያስበው ሣር በፀሐይ ብርሃን ቢጫ ሆኖ ሲያገኘው ይደነቃል። ራስኪን ይህን ከእውቀት ቀድሞ የሚያይ ንጹሕ ዓይን የመልሶ ማግኘት ሥራ አድርጎ ገለጸው። ሐሳቡ በኋላ ከሥነ ልቡናና ከሥነ ጥበብ ፍልስፍና ምሁራን ብርቱ ትችት ገጥሞታል፤ ካለፈ ልምድ ፈጽሞ የተለየ እይታ የለም የሚለው ክርክር ዛሬ ሚዛን ይደፋል። በማስተማሪያ ዘዴነቱ ግን የሐሳቡ ጥቅም አልቀረም፤ ተማሪው የሚያውቀውንና የሚያየውን እንዲለይ ያስገድደዋልና።

ዓላማውና ተቃርኖው

ራስኪን በ1857 የብሔራዊ የሥዕል ማሳያ ስፍራን ጉዳይ ለሚያጠናው የመንግሥት ኮሚሽን ስለ ማታው ክፍል ቃሉን ሰጥቶ ነበር። በዚህ የምስክርነት ቃሉ የክፍሉ ዓላማ አናጢውን ወደ ሠዓሊነት ማሻገር ሳይሆን፣ በአናጢነቱ ሳለ ሕይወቱ በደስታ እንዲሞላ ማድረግ መሆኑን አስረድቷል። ይህ አቋም በሁለት በኩል ሊነበብ ይችላል። በአንድ በኩል ከሄንሪ ኮል ሥርዓት ይልቅ ለሠራተኛው ክብር ይሰጣል፤ ዓይኑና የዕረፍት ሰዓቱ የራሱ እንጂ የአሠሪው ትርፍ ማስፋፊያ አይደሉም። በሌላ በኩል ግን አናጢው ባለበት እንዲቆይ የሚፈልግ የባለጸጋ ድምፅ የሚሰማበትም ነው። ሠራተኛው ሰማዩን አይቶ እንዲደሰት ተፈቅዶለታል፤ ኑሮው እንዲለወጥ ግን በክፍሉ ዓላማ ውስጥ አልተጠቀሰም።

የተማሪዎቹ ታሪክ ይህን አቋም ከሁለቱም ወገን ይፈትነዋል። ጆርጅ አለን ሙያው አናጢነት ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ተለይቶ ወጥቶ የራስኪን ረዳት፣ ቀጥሎም የመጽሐፎቹ ሥዕሎች ቀራጭ ሆነ፤ በ1870ዎቹ የራስኪንን ሥራዎች የሚያሳትም ድርጅት መሥርቶ በእንግሊዝ የኅትመት ታሪክ ስሙን ተከለ። ዊልያም ዋርድ የቢሮ ሥራውን ትቶ የተርነርን የውሃ ቀለም ሥዕሎች በመገልበጥና ንድፍ በማስተማር ኖረ። ጆን በኒም እንዲሁ ከጸሐፊነት ወጥቶ ወደ ኢጣሊያ ተላከ፤ በቬኒስ ኖሮ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ምዕራባዊ ገጽታ በዓመታት ድካም ሥሎ በ1882 እዚያው አረፈ። አናጢው አናጢ ሆኖ ይቀራል የተባለበት ክፍል በተግባር አንዳንዶቹን ከሙያቸው አውጥቷል።

እነዚህ ሰዎች የደረሱበት ስፍራ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። አለን የራስኪንን መጽሐፍ ያሳትማል፤ ዋርድ ራስኪን የሚያደንቀውን ተርነርን ይገለብጣል፤ በኒ ራስኪን እንዳይጠፋ የሚፈራለትን ሕንፃ ይመዘግባል። በራሳቸው ዓይን እንዲያዩ የሠለጠኑት ተማሪዎች ከመምህራቸው ፍላጎት ውጪ የሆነ የራሳቸው የመልክዓ ምድር ሥዕል እምብዛም አልተዉም። ከዚህ ለየት ያለው ኤቤኔዘር ኩክ ነው። እርሱ የተማረውን ወደ ሕፃናት ትምህርት ወስዶ፣ ልጆች በተፈጥሮ የሚሥሉበትን መንገድ በማጥናት ለእንግሊዝ የሕፃናት ሥዕል ትምህርት መሻሻል አስተዋፅኦ አድርጓል። መምህሩን ከመገልበጥ አልፎ ዘዴውን ወደ አዲስ ጥያቄ የወሰደ ተማሪ እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

ከመማሪያ ክፍል ወደ ኢኮኖሚ ትችት

ራስኪን መደበኛ ማስተማሩን በ1858 አቆመ፤ በ1860 ለአጭር ጊዜ ብቻ ተመለሰ። በነዚሁ ዓመታት ሌሎች ከባድ ሥራዎች ተደራርበውበት ነበር። ተርነር በ1851 ሲሞት ለሀገሩ የተወውን ከ19,000 በላይ ንድፍና የውሃ ቀለም ሥራ በብሔራዊው የሥዕል ማሳያ ምድር ቤት ውስጥ የመደርደርና የመለየት ሥራ ከ1857 እስከ 1858 ድካሙን ወስዶበታል። በ1858 በጋ በቱሪን ከተማ የቬሮኔዜን «ንግሥተ ሳባ በሰሎሞን ፊት» የተባለ ሥዕል ለሳምንታት ሲገለብጥ ቆይቶ፣ ከእናቱ የወረሰውን ጥብቅ የእምነት አመለካከት እንደተወ ራሱ ጽፏል። የሥጋንና የቀለምን ውበት የሚንቅ መንፈሳዊነት ከዚያ በኋላ አላረካውም።

ከሁሉ በላይ ግን በጽሑፎቹ ርእስ ላይ የታየው ለውጥ ጎልቶ ይወጣል። በ1857 በማንቸስተር ስለ ሥነ ጥበብ ኢኮኖሚ ንግግር አደረገ። በ1860 የ«ዘመናዊ ሠዓልያን»ን የመጨረሻ ቅጽ ባወጣበት ዓመት፣ በኮርንሂል መጽሔት የሀብትን ትርጉም የሚመረምሩ ጽሑፎችን ማሳተም ጀመረ። የአንባቢው ቁጣ ስለበረታ አዘጋጁ ዊልያም ታከሬ ከአራተኛው ጽሑፍ በኋላ አስቆመው። ጽሑፎቹ በ1862 በመጽሐፍ መልክ ሲወጡ በማቴዎስ ወንጌል ከሚገኘው ከወይን አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ የተወሰደ ርእስ ተሰጣቸው፤ ርእሱ በአማርኛ «ለዚህ ለኋለኛው» እንደ ማለት ነው። ማኅተመ ጋንዲ ይህን መጽሐፍ በ1904 በደቡብ አፍሪካ በባቡር ሲጓዝ አንብቦ የኑሮውን አቅጣጫ እንደለወጠበት ይታወቃል።

ብዙ የራስኪን ሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች 1860ን የሥነ ጥበብ ሐያሲው የሞተበትና የማኅበራዊ ሐያሲው የተወለደበት ዓመት አድርገው ይከፍሉታል። የማታው ክፍል ታሪክ ግን ይህን አከፋፈል ያላላዋል። ራስኪን ለአራት ዓመታት በየሳምንቱ ያገኛቸው ሰዎች ድካማቸውን፣ የእጃቸውን ሸካራነትና የጊዜያቸውን እጥረት ይዘው ይመጡ ነበር። ቅጠልን ለማየት ዕረፍት ያስፈልጋል፤ ዕረፍት እንዲኖር ተመጣጣኝ ደመወዝ ያስፈልጋል፤ ሰማይን ለማየት ደግሞ ጢስ ያልጋረደው ሰማይ ሊኖር ይገባል። የሥዕል መምህሩ ጥያቄ ሳይለወጥ ወደ ሥሩ ሲወርድ የኢኮኖሚ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ። ሀብትን በገንዘብ ሳይሆን በሕይወት የሚለካው የ1860 ክርክር፣ በ1857 ለኮሚሽኑ ከቀረበው የአናጢው ደስታ ክርክር ጋር አንድ ሐረግ ነው። የተለየው ነገር ቢኖር አናጢው ባለበት እንዲደሰት ከመመኘት አልፎ ያለበትን ሁኔታ መጠየቁ ነው።

የኋለኛው ዘመን

ራስኪን በ1869 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የስሌድ የሥነ ጥበብ ፕሮፌሰር ሆኖ ተመረጠ። በ1871 በዩኒቨርሲቲው የንድፍ ትምህርት ቤት አቋቁሞ 5,000 ፓውንድ ለገሰለት። የማስተማሪያ ስብስቡን ያዘጋጀው በሬድ ላየን አደባባይ በተፈተነው መንገድ ነበር፤ የተርነር ሥራ፣ የራሱ ንድፎች፣ ሕትመቶችና ፎቶግራፎች ተማሪው አጠገብ አስቀምጦ እንዲያያቸው ተደርድረዋል። ሆኖም የዩኒቨርሲቲው ወጣቶች ንግግሮቹን ለመስማት አዳራሽ ቢያጨናንቁም፣ ተቀምጠው በትዕግሥት ቅጠል የሚሥሉት ጥቂቶች ነበሩ። ቀኑን ሲደክሙ የሚውሉት ሠራተኞች ያሳዩት ትጋት ጊዜ ከተረፋቸው ተማሪዎች ዘንድ በዚያው መጠን አልተገኘም።

ከኦክስፎርድ ውጪ የቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበርን መሠረተ፤ በ1875 በማኅበሩ ስም በሼፊልድ ከተማ ዋክሊ በተባለ ኮረብታ ላይ ለቢላዋ አንጣሪዎችና ለብረት ሠራተኞች የሚሆን ትንሽ ሙዚየም ተከፈተ። የሙዚየሙ ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ሄንሪ ስዋን በሠራተኞች ኮሌጅ የራስኪን ተማሪ የነበረ ሰው ነው። በሙዚየሙ ማዕድናት፣ የወፍ ሥዕሎች፣ የእጅ ጽሑፎችና የበኒ የቅዱስ ማርቆስ ሥዕል ተሰብስበዋል።

ከ1872 ጀምሮ መኖሪያውን በሰሜን እንግሊዝ በኮኒስተን ሐይቅ ዳር በሚገኘው ብራንትዉድ አደረገ። ከ1878 ጀምሮ በተደጋጋሚ የአእምሮ ሕመም ይጠቃ ጀመር። በ1884 በለንደን በሰጣቸው ሁለት ንግግሮች ለአሥርት ዓመታት በማስታወሻው የመዘገበውን የሰማይ መልክ መሠረት አድርጎ፣ የሰማዩ ብርሃን መለወጡንና አዲስ ዓይነት ጨለማ ደመና መምጣቱን ተናገረ። ብዙ አድማጮች የሕመሙ ምልክት አድርገው ወሰዱት። ዛሬ ንግግሮቹ የከሰል ጢስ በአየር ላይ ያስከተለውን ለውጥ ካስተዋሉ ቀደምት ምስክርነቶች መካከል ይጠቀሳሉ። ደመናን በትክክል ለመሣል ሲል በየቀኑ ሰማይን ማየት የለመደ ዓይን፣ ሌሎች ያላስተዋሉትን ማስተዋሉ አያስገርምም። ራስኪን የመጨረሻዎቹን አሥር ዓመታት በዝምታ አሳልፎ ጥር 20 ቀን 1900 በብራንትዉድ አረፈ፤ በኮኒስተን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም ተቀበረ።

ማጠቃለያ

የለንደኑ የማታ ክፍል በዕድሜው አጭር፣ በተማሪዎቹም ብዛት ትንሽ ነበር። ታላላቅ ሠዓልያንን አላፈራም፤ ለማፍራትም አልተነሣም። ሦስት ነገሮች ግን ከታሪኩ ይወጣሉ። አንደኛ፣ የመልክዓ ምድር ንድፍ ለሙያ ወይም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን የማስተዋል ችሎታን ለማጎልበት ሊሰጥ እንደሚችልና ይህም ለማንኛውም ሰው ተደራሽ መሆኑን ክፍሉ በተግባር አሳይቷል። ሁለተኛ፣ ራስን ችሎ ማየትን የሚያስተምር ብርቱ መምህር ተማሪውን በገዛ ራሱ እይታ ውስጥ ሊያስቀረው እንደሚችል የአለን፣ የዋርድና የበኒ ሕይወት ያመለክታል። ሦስተኛ፣ ክፍሉ ከተማሪዎቹ ይልቅ መምህሩን አጥብቆ ለውጧል፤ ሠራተኛው ተራራውን ለማየት ምን እንደሚጎድለው የጠየቀ ሰው፣ ስለ ተራራ ብቻ መጻፉን መቀጠል አልቻለም።

የማኅበረሰብ ሥዕል ትምህርትን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የክፍሉን ውጤት ብዙ ጊዜ የሚመዝኑት ተማሪዎቹ በሠሩት ሥዕል ነው። የራስኪን የአራት ዓመት ልምድ ሌላ መመዘኛ ያክላል፤ እርሱም ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ በመንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ፣ ዛፍና ሰማይ ማየቱ፣ ካላያቸውም እንዳያይ የከለከለውን መጠየቁ ነው።